የአንባቢያን ጥያቄ፦ ሳቲን ቀለም ለበር፣ ለመስኮትና ለካቢኔት

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የቀለም ጥያቄ ይበዛብናል። እንቁጣጣሽን በታደሰ ቤት ለመቀበል የሚፈልገው ሰው ብዙ ሲሆን፣ የነሐሴ ዝናብ ግን ለቀለም የሚመች ወዳጅ አይደለም። በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አብዛኞቹ የሚጠይቁት ስለ ግድግዳ ሳይሆን ስለ እንጨት በር፣ ስለ ብረት መስኮትና ስለ ካቢኔት፣ በተለይም በአንዳንድ ጣሳዎች ላይ «ሳቲን» ወይም «ሳቲንዉድ» ተብሎ ስለሚጻፈው ቀለም በመሆኑ፣ ገጹን በሙሉ ለዚሁ ሰጥተነዋል። ከየደብዳቤው ያስቀመጥነው ፍሬ ነገሩን ብቻ ነው።

ከአዲስ አበባ፣ ገርጂ፦ «ስድስት የእንጨት በሮች ላስቀባ ነው። ቀለም ቀቢው ግሎስ ይሁን ይላል፤ እኅቴ ሳቲን ይሻላል ትለኛለች፤ ሱቅ ሄጄ ሳቲን ስል ሰሚ ግሎስ ሰጥተውኝ ‹ያው ነው› አሉኝ። በእርግጥ ያው ነው?»

ያው አይደለም፤ ሻጩ ጨርሶ ተሳስቷል ማለት ግን ያስቸግራል። ማት፣ ሳቲን፣ ሰሚ ግሎስና ግሎስ የሚሉት ቃላት የሚነግሩን ቀለሙ ከምን እንደተሠራ ሳይሆን ከደረቀ በኋላ ምን ያህል ብርሃን መልሶ እንደሚያንጸባርቅ ብቻ ነው። መጠኑ በመሣሪያ ይለካል፤ በ60 ዲግሪ አጋድሎ የተላከ ብርሃን ከተቀባው ገጽ ላይ ነጥሮ ሲመለስ ይነበባል። በሰሜን አሜሪካ በሚሠራበት የማስተር ፔይንተርስ ኢንስቲትዩት አመዳደብ ከ20 እስከ 35 የሚነበበው ሳቲን፣ ከ35 እስከ 70 የሚነበበው ሰሚ ግሎስ፣ ከ70 በላይ የሆነው ግሎስ ይባላል። አምራቾች ሁሉ ግን በዚህ መስፈሪያ አይገዙም፤ የአንዱ ፋብሪካ ሳቲን ከሌላው ሰሚ ግሎስ ጋር ቢቀራረብ አያስገርምም። ስለዚህ ከስሙ ይልቅ የደረቀ ናሙና ያሳዩኝ ማለት ይበልጣል፤ ናሙና ከሌለ ትንሹን ጣሳ ገዝተው በቁራጭ እንጨት ላይ ሞክረው በማግሥቱ በመስኮት አጠገብ ቢያዩት ነገሩ ይገለጥልዎታል።

ድምቀቱ የሚቀንሰው እንዲህ ነው። በቀለም ውስጥ ማቅለሚያው ዱቄትና ዱቄቱን አንድ ላይ የሚይዘው ሙጫ አሉ። ሙጫው በዝቶ ዱቄቱን ሙሉ በሙሉ ሲሸፍነው ገጹ እንደ መስታወት ልሙጥ ሆኖ ያብረቀርቃል። ሳቲን ላይ አምራቹ እጅግ ደቃቅ የሆነ የሲሊካ ዱቄት ይጨምርበታል፤ ይህም ገጹን ዓይን በማያየው መጠን ሻካራ ስለሚያደርገው ብርሃኑ ወደ አንድ አቅጣጫ ከመወርወር ይልቅ ይበታተናል። ስሙም የመጣው ከዚሁ መልክ ነው። ሳቲንዉድ በስሪላንካና በደቡብ ሕንድ የሚበቅል፣ ሲወለወል እንደ ሳቲን ጨርቅ ለስለስ ያለ ወዝ የሚያሳይ ወርቃማ እንጨት ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የእንግሊዝ ቤት ዕቃ ሠሪዎች እጅግ ይፈልጉት ነበር። ዛሬ በጣሳው ላይ ስሙ ይኑር እንጂ በውስጡ እንጨት የሚባል ነገር የለም፤ ለእንጨት ብቻ ነው ማለትም አይደለም።

ወደ በሮችዎ ልመለስ። በእጅ መላጊያ የተሠራ የእንጨት በር ላይ የመላጊያው ዱካ፣ የስቱኮው ጠርዝና የሚስማሩ ጉድጓድ አይጠፉም፤ ግሎስ ደግሞ እያንዳንዱን በብርሃን ያጎላዋል። ሳቲን ይህን ጉድለት ይሸሽጋል፤ የእጅ አሻራንም ቶሎ አያሳይም። በሌላ በኩል ግሎስ ከማንኛውም ይልቅ ለማጠብ ይመቻል። እኔ ብሆን አምስቱን በሮች በሳቲን አስቀብቼ፣ ዘይትና የበርበሬ ብናኝ የሚያርፍበትን የኩሽናውን በር በሰሚ ግሎስ አደርገው ነበር። ቀቢው ግሎስ ይሁን ያለው ከልማድ ሊሆን ይችላል፤ የእንጨቱ ሥራ ያማረ ከሆነ ግን አስተያየቱ የሚናቅ አይደለም።

ከድምቀቱ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሌላ ጥያቄ ግን ተዘልሏል፦ ቀለሙ ውሃ ወለድ ነው ወይስ ዘይት ወለድ? በሱቆቻችን ኢናሜል ወይም የዘይት ቀለም የምንለው በአኳራጅ የሚቀጥን ሲሆን፣ ውሃ ወለዱ በውሃ ይቀጥናል፤ ብሩሹም በውሃና በሳሙና ይታጠባል። ሁለቱም በሳቲን ድምቀት ይሠራሉ። የጣሳው ጀርባ ላይ «በምን ይቀጥናል» የሚለውን መስመር ሳያነብቡ ገንዘብ አይክፈሉ፤ ከዚህ በታች ያሉት ችግሮች አንዳንዶቹ የጀመሩት ይህ መስመር ባለመነበቡ ነው።

ከደሴ፦ «የቆየውን የኩሽና ካቢኔታችንን በነጭ ውሃ ወለድ ሳቲን ቀባነው። ሲያልቅ በጣም ያምር ነበር። ሦስት ወር ሳይሞላው በጥፍር ሲነካ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ተጠቅልሎ ይነሣል። ቀለሙ ተበላሽቶ ይሆን የተሸጠልን?»

ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን ቀለሙን የምጠረጥረው በመጨረሻ ነው። እንደ ልጣጭ በሰፊው የሚነሣ ቀለም ከሥሩ ካለው ገጽ ጋር አልተያያዘም ማለት ነው። ካቢኔቱ ቀድሞ በዘይት ቀለም ተቀብቶ ከነበረ ያ ገጽ ልሙጥ ስለሆነና ዓመታት ባለፉ ቁጥር እየጠነከረ ስለሚሄድ ውሃ ወለዱ የሚጨብጠው ነገር አያገኝም። በዚያ ላይ የኩሽና ስብ አለ፤ ከሰል የሚነድበትና ዕጣን የሚጨስበት ቤት ደግሞ ዓይን የማያየው የጥላሸት ሽፋን በካቢኔቱና በበሩ ራስ ላይ ያስቀምጣል። ጠረኑ ቢወደድም ለቀለም ጠላት ነው።

ከሥር ያለው ምን እንደሆነ ለማወቅ ቀላል ፈተና አለ። ትንሽ ቦታ በሳሙና አጥበው ያድርቁ፤ ከዚያ ጥጥ በአልኮል ነክረው ያንኑ ቦታ ለግማሽ ደቂቃ ያህል አጥብቀው ይሹት። ቀለሙ ለስልሶ ጥጡ ላይ ከመጣ ውሃ ወለድ ነው፤ አልኮሉ ጥጡን ካላቀለመውና ገጹም ካልተለወጠ ዘይት ወለድ ነው። ምናልባትም ካቢኔቱ ጭራሹን ያልተቀባ፣ ከፋብሪካ በፕላስቲክ መሰል ሽፋን ተለብጦ የወጣ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በቀለም ሱቅ እምብዛም የማይነገር ሲሆን፣ እንዲህ ያለው ገጽ ለማያያዝ የተሠራ የመነሻ ቀለም (ፕራይመር) ካልተቀባበት ምንም ነገር አይይዝም።

መፍትሔው የሚጀምረው የተነሣውን ሁሉ በማንሣት ነው። በግማሽ የያዘውን ትቶ በላዩ መቀባት ሥራውን ደግሞ መሥራት ነው። ከዚያ በሙቅ ውሃና በዱቄት ሳሙና ያጥቡት፤ የሳሙናው ትራፊም ራሱ ቀለም ስለሚያስለቅቅ በንጹሕ ውሃ ደጋግመው ያለቅልቁት። ሲደርቅ በቁጥር 180 ብርጭቆ ወረቀት ወዙ እስኪጠፋ ድረስ ይፈግፍጉት፤ ዓላማው ቀለሙን መላጥ ሳይሆን ማደብዘዝ ነው፤ በጎን ሲያዩት አንድም የሚያብረቀርቅ ቦታ ሊቀር አይገባም። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው የማያያዣ ፕራይመር አንድ እጅ፣ ከዚያም ሳቲኑን ሁለት እጅ ይቀቡ። በሁለቱ እጆች መካከል በቁጥር 240 በስሱ ማሸት ልስላሴውን ያሳምረዋል።

ሁሉንም ካቢኔት ከመጨረስዎ በፊት የአንዱን መዝጊያ ውስጠኛ ገጽ ሠርተው ሳምንት ይጠብቁ። ከዚያ በምላጭ የጥልፍልፍ ጭረት ሠርተው በላዩ ማጣበቂያ ፕላስተር ለጥፈው በአንድ ጊዜ ይንቀሉት፤ ከጭረቱ መካከል ቀለም ተነቅሎ ካልመጣ ቀሪውን ሳይሰጉ መቀጠል ይችላሉ። ካቢኔቱ ከኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ) የተሠራ ከሆነ ደግሞ የተቆረጠው ጠርዝ ቀለምን እንደ ስፖንጅ ይመጥጣል፤ ጠርዙን ብቻ ለብቻው ሁለት ጊዜ በፕራይመር ሞልተው በመካከሉ ቢፈገፍጉት ከፊቱ ጋር ይመሳሰላል።

ከሀዋሳ፦ «የኤልቲዜድ ብረት መስኮቶቼ ከተቀቡ ሁለት ዓመት ቢሆናቸው ነው። ከታችኛው ብረት ላይ ቀለሙ እየተነሣ ነው፤ ሲነሣም ዝገት ይዞ ይነሣል። አሁን በውስጥ በኩል ውሃ ወለድ ሳቲን በቀጥታ ልቀባው አስቤ ነበር፤ ሽታ የለውም ስለተባልሁ።»

በቀጥታ አይቀቡት። ውሃ ወለድ ቀለም በተራቆተ ብረት ላይ ሲያርፍ ውስጡ ያለው ውሃ ከመድረቁ በፊት ብረቱን ያዝገዋል፤ ቡናማ ነጠብጣቦች ገና ቀለሙ ሳይደርቅ በላዩ ይታያሉ። አስቀድሞ ብረቱን የሚከላከል ፕራይመር፣ ማለትም በየሱቁ አንቲረስት የምንለው፣ መቀባት አለበት። እርሱ በደንብ ከደረቀ በኋላ ውሃ ወለዱን ሳቲን ከላይ መቀባት ይቻላል፤ ምርጫዎ መጥፎ አልነበረም፣ ቅደም ተከተሉ እንጂ።

ለምን ከታች ጀመረ የሚለው ግን ዋናው ነገር ነው። በመስተዋቱ ላይ ሌሊት የሚቋጠረው ጤዛ ወርዶ የሚያርፈው በታችኛው ብረት ላይ ነው። መስተዋቱን የያዘው ስቱኮ ከተሰነጠቀ ውሃው ከስቱኮው ጀርባ ገብቶ ይቀመጣል፤ ስለዚህ የሚያዩት ዝገት ከፊት ሳይሆን ከኋላ የመጣ ሊሆን ይችላል። የተሰነጠቀውን ስቱኮ ሳይቀይሩ ቀለም መቀየር ድካም ብቻ ነው። አዲሱ ስቱኮ ከጠነከረ በኋላ ሲቀቡት ቀለሙ ከስቱኮው አልፎ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ያህል መስተዋቱን እንዲነካ ያድርጉ፤ ብዙ ሰው ይህን ቀጭን መስመር እንደ ዝርክርክነት ቆጥሮ በምላጭ ያጸዳዋል፤ ነገር ግን ውሃውን ከስቱኮው መግቢያ ላይ የሚያቆመው እርሱ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት የብረቱ ጠርዝ ነው። እርጥብ ቀለም በሹል ጠርዝ ላይ አይቆምም፤ ወደ ሁለቱም ጎን ይሸሻል፤ በዚህም ጠፍጣፋው ገጽ ወፍራም ሽፋን ሲያገኝ ጠርዙ ላይ የሚቀረው ስስ ነው። ዝገት የሚጀምረውም ከዚያ ነው። ጥሩ የብረት ቀቢ ጠርዙን፣ የብየዳውን መስመርና ማጠፊያውን በትንሽ ብሩሽ አስቀድሞ ለብቻ ይቀባል፤ ሲደርቅ መላውን ይቀባል። ይህ ለአንድ መስኮት ሩብ ሰዓት አይፈጅም፤ በውል ላይ ካልተነጋገሩበት ግን የሚያደርገው ቀቢ ብዙ አይደለም።

ሦስተኛው ምክንያት ከብየዳ ቤቱ ሊመጣ ይችላል። በእሳት ተዳምጦ የወጣ ብረት ላይ ሰማያዊ ጥቁር የሆነ ቅርፊት አለ፤ ጠንካራ ቢመስልም ውሎ አድሮ ከነቀለሙ ይራገፋል። የብየዳው ፍንጣሪና ዝቃጭም እንዲሁ ነው። በያጁ መስኮቱን ከማስረከቡ በፊት በዚህ ሁሉ ላይ አንድ እጅ የቀጠነ አንቲረስት አልፎበት ከሆነ፣ ከላይ የቱንም ያህል ጥሩ ቀለም ቢቀባበት የሚቆመው ቅርፊቱ እስኪራገፍ ብቻ ነው። ስለሆነም የተነሣውን ቦታ በሽቦ ብሩሽና በቁጥር 80 ብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያንጸባርቅ ያጽዱት፤ በአኳራጅ በነከሩት ጨርቅ ይጥረጉት፤ በባዶ እጅ አይንኩት፣ ላብ ጨው አለውና። ፕራይመሩን በዚያው ቀን ይቀቡ፤ የተጸዳ ብረት ሌሊቱን ካደረ ጠዋት ድጋሚ ዝጎ ያገኙታል፤ ሐይቅ አጠገብ ላለ ቤት ደግሞ ይህ ማጋነን አይደለም።

የፕራይመሩ ቀይ መሆን ብቻውን ዋስትና አይሰጥም። ቀዩ የብረት ኦክሳይድ ወይም ግራጫው ዚንክ ፎስፌት ያለበት ለቤት መስኮት ይበቃል። አንድ ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ መስኮትዎ ወይም በርዎ እንደ ቤት ክዳን ቆርቆሮ በዚንክ የተነከረ ብረት ከሆነ የተለመደው የዘይት ቀለም አይስማማውም፤ በዘይቱ ውስጥ ያለው አሲድ ከዚንኩ ጋር ተዋህዶ በመካከላቸው ሳሙና መሰል ነገር ይፈጥራል፤ ቀለሙም ከዚያ ይላቀቃል። ለዚህ ዓይነቱ ብረት በጣሳው ላይ «ለጋልቫናይዝድ» ተብሎ የተጻፈበትን ፕራይመር ይፈልጉ።

በውጭ በኩል ያለውን ገጽ በተመለከተ፣ ለውስጥ ብቻ የተሠራ ሳቲን የሀዋሳን ፀሐይ አይችልም። ለውጭ የሚሆን ቀለም ይምረጡለት፤ የቀለሙን መልክ ማመሳሰል ይቻላል።

ከለንደን፦ «የምንኖርበት ቤት የቆየ ነው። የበሮቹን መቃኖች ከአራት ዓመት በፊት በነጭ የዘይት ሳቲንዉድ ቀባኋቸው። ሳሎን ያለው አሁንም ነጭ ነው፤ ኮሪደሩ ውስጥ ያለውና ከመጻሕፍት መደርደሪያው ጀርባ ያለው ግን ቢጫ ሆኗል። ያው ጣሳ ነበር።»

ልዩነቱን ያመጣው ጣሳው ሳይሆን ብርሃኑ ነው። የዘይት ቀለም የሚደርቀው ዘይቱ ከአየር ኦክስጅን ወስዶ እርስ በርሱ ሲተሳሰር ሲሆን፣ ይህ ሥራ ቀለሙ ከደረቀ በኋላም ለዓመታት አይቆምም፤ ከሚፈጠሩት ነገሮች አንዳንዶቹም ቢጫ መልክ አላቸው። የቀን ብርሃን እነዚህን መልሶ ያነጣቸዋል፤ ጨለማ ውስጥ ግን ይከማቻሉ። ከመደርደሪያው ጀርባ ያለውን ትንሽ ተነቃይ እንጨት ለጥቂት ሳምንታት በፀሐያማ መስኮት ላይ ቢያኖሩት ቢጫነቱ ሲቀንስ ሊያዩ ይችላሉ። አሞኒያ ያለባቸው ማጽጃዎችም ቢጫነቱን ያፋጥናሉ፤ ኮሪደሩ በምን እንደሚጸዳ ያስቡበት።

በአውሮፓ ኅብረት መመሪያ መሠረት እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ለእንጨትና ለብረት ጠርዝ የሚሆኑ የዘይት ቀለሞች በአንድ ሊትር ከ300 ግራም በላይ ተናኝ ኬሚካል እንዳይኖራቸው ተደርጓል፤ የውሃ ወለዱ ጣሪያ ደግሞ 130 ግራም ነው። ብሪታንያም በዚያን ጊዜ የኅብረቱ አባል ስለነበረች አምራቾቿ ቅመማቸውን ቀይረዋል፤ ከዚያ ወዲህ ነጭ የዘይት ቀለም ቶሎ ቢጫ ይሆናል የሚል ምሬት በዚያ አገር ቀቢዎች ዘንድ የተለመደ ሆኗል። ብርሃን ለማይደርስበት ነጭ እንጨት እኔ የምመርጠው ውሃ ወለዱን ሳቲንዉድ ነው። በእርግጥ ቶሎ ስለሚደርቅ የብሩሽ ዱካ ይተዋል፤ ቢሆንም ነጩ ነጭ ሆኖ ይቆያል። ከሥር የዘይት ቀለም ስላለ ለደሴዋ አንባቢ የተሰጠው ምክር ለእርስዎም ይሠራል።

መፈግፈግ ከመጀመርዎ በፊት ግን፣ በዚያ አገር እስከ እ.ኤ.አ. 1960ዎቹ ድረስ በእንጨት ቀለም ውስጥ እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) የተለመደ እንደነበር ያስታውሱ። ቤቱ ከዚያ የቆየ ከሆነ የእርሳስ መፈተሻ ገዝተው የሥረኛውን ቀለም ይሞክሩ፤ ካለበትም በደረቁ አይፈግፍጉት፤ በእሳትም አይላጡት። በውሃ እያረጠቡ ላዩን ብቻ ማደብዘዝ ይበቃል። ቤቱ የኪራይ ከሆነም ጉዳዩ መጀመሪያ የባለቤቱ ነው።

ከአዳማ፦ «ባለቤቴ ነፍሰ ጡር ናት። የሕፃኑን አልጋና የክፍሉን በር በሳቲን ልቀባ ነው። ሽታው ከጠፋ በኋላ ምንም ስጋት የለም ማለት ነው?»

ሽታው የሚነግርዎት ስለሚተነው ነገር ብቻ ነው። ውሃ ወለድ ይምረጡ፤ ባለቤትዎ በሚቀባበትና በሚፈገፈግበት ጊዜ ከክፍሉ ይራቁ፤ መስኮቱም ጥቂት ቀናት ክፍት ይሁን። ሽታ የሌለውና ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ እርሳስ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በሰውነት ውስጥ ጉዳት የማያደርስ የእርሳስ መጠን አይታወቅም ይላል፤ ሕፃን ደግሞ የአልጋውን ጠርዝ ይነክሳል። በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደንብ ቁጥር 429 በቀለም ውስጥ የሚፈቀደውን እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ይህም ማለት ከአንድ ሚሊዮን እጅ ዘጠና ነው። ስለዚህ አምራቹና የተመረተበት ቀን ያልተጻፈበት ጣሳ፣ ወይም ከአንድ ሰው መጋዘን የተረፈ የቆየ ቀለም፣ ለሕፃን አልጋ አይሁን። ደማቅ ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ የዘይት ቀለሞች ላይ የበለጠ ይጠንቀቁ፤ ሊድ ክሮሜት የሚባለው ማቅለሚያ ለእነዚህ መልኮች ሲያገለግል የኖረ ነውና። አልጋው በውርስ የመጣና ቀድሞ የተቀባ ከሆነ፣ እውነቱን ለመናገር፣ እኔ አልፈገፍገውም፤ አዲስ ያልተቀባ እንጨት አሠራለሁ።

አዲሱ እንጨት ጽድ ከሆነ ሌላ ነገር ይገጥምዎታል። ጽድ የራሱ ዘይትና ቀይ መልክ ስላለው በነጭ ቀለም ላይ ከሳምንታት በኋላ ቡናማ ወይም ሮዝ ነቁጥ እያወጣ ይመጣል፤ ቅርንጫፍ የበቀለበት ጉጥም እንዲሁ። ሦስት እጅ ሳቲን ቢደርቡበት ነቁጡ ዘልቆ ይወጣል። የሚያቆመው በአልኮል የሚሟሟው ሼላክ የተባለ ማሸጊያ ሙጫ ነው፤ በጉጦቹ ላይ ሁለት ጊዜ በስሱ ይቀቡትና ሲደርቅ ወደ ፕራይመሩ ይለፉ።

ከአዲስ አበባ፣ ሳሪስ፦ «ለአንድ በር ስንት ሊትር ይበቃል? ቀቢው ሁልጊዜ ‹ትንሽ ጎድሏል› ይለኛል።»

90 ሴንቲ ሜትር በ2 ሜትር ከ10 የሆነ በር አንድ ገጹ 1.9 ካሬ ሜትር ያህል ነው። ሁለቱን ገጽ፣ ጠርዙንና መቃኑን ደምረው 5 ካሬ ሜትር ይያዙ። ሁለት እጅ ሲሆን 10 ይሆናል። አንድ ሊትር 12 ካሬ ሜትር ይሸፍናል ብለን ብንነሣ ለአንድ በር ከአንድ ሊትር ትንሽ ያነሰ፣ የገርጂዋ አንባቢያችን ላለቻቸው ስድስት በሮች ደግሞ አምስት ሊትር ገደማ ማለት ነው። ጋሎን የሚባለው ጣሳ በሁሉም አምራች ዘንድ እኩል ስላልሆነ ሊትሩን ከላዩ ያንብቡ። ያልተቀባ እንጨት የበለጠ ይጠጣል፤ ቢሆንም መጥጦ የሚጠግበው ከፕራይመሩ እንጂ ከውዱ ሳቲን መሆን የለበትም። ቀቢዎ ፕራይመር ሳይቀባ የሚጀምር ከሆነ «ጎድሏል» ያለው እውነቱን ነው።

ከባሕር ዳር፦ «በሩ ከተቀባ በሦስተኛው ቀን ዘጋነው፤ ጠዋት ስንከፍተው ከመቃኑ ጋር ተጣብቆ ቀለሙን ገሽልጦ መጣ። እጅ ሲነካው ግን ደርቆ ነበር።»

ይህ በእኔም ደርሷል። በወጣትነቴ የእናቴን ቤት በር ቀብቼ የመጀመሪያዋን ሌሊት ዘግተን አደርን፤ በማግሥቱ ከመቃኑ የተላቀቀው ከእንጨቱ ድረስ ነበር፤ የእናቴንም አስተያየት እዚህ አልጽፈውም።

መድረቅና መጠንከር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ውሃ ወለድ ሳቲን በአንድ ወይም በሁለት ሰዓት ውስጥ እጅ አይዝም፤ ከአራት እስከ ስድስት ሰዓት ባለው ጊዜም ሁለተኛው እጅ ይቀባበታል፤ ሙሉ በሙሉ የሚጠነክረው ግን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ቆይቶ ነው። በዚህ ጊዜ ሁለት የተቀቡ ገጾች ተጫጭነው ካደሩ ይዋሃዳሉ። የዘይቱ በተራው ሁለተኛ እጅ ለመቀበል አንድ ቀን ሙሉ ይፈልጋል። ብርድና እርጥበት ሁለቱንም ያዘገያሉ። ውሃ ወለዱ ከ10 ዲግሪ በታች ሽፋኑን በትክክል አይሠራም፤ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ከዚያ ስለሚወርድ እዚያ ያሉ አንባቢዎች ከቀትር በኋላ ባይቀቡ ይመረጣል። ለእርስዎ የሚያሰጋው ብርድ ሳይሆን የክረምቱ እርጥበት ነው። ጠዋት ጀምረው ከሰዓት በፊት ይጨርሱ። በሩ የግድ መዘጋት ካለበት የሚነካካውን ጠርዝ የሕፃናት ፓውደር ቀባ ያድርጉበት፤ ወይም በሩና መቃኑ መካከል የሰም ወረቀት ያስገቡ። ተራ ጋዜጣ ግን ራሱ ይጣበቃል።

ከአዲስ አበባ፣ ኮልፌ፦ «ቀቢዬ የዘይት ሳቲኑን በቤንዚን ያቀጥነዋል፤ ቶሎ ይደርቃል ይላል። የብሩሽ ዱካ ግን በዝቷል።»

ዱካው የበዛው በዚያው ምክንያት ነው። ቤንዚን ቶሎ ስለሚተን ቀለሙ ራሱን ዘርግቶ ዱካውን ለመሙላት ጊዜ አያገኝም። ሙጫውንም ከሚገባው በላይ ስለሚያሳሳው ድምቀቱ ቦታ ቦታ ይወጣና አንዱ ክፍል ሳቲን ሌላው ማት ይመስላል። ከዚህ ሁሉ የሚከፋው ግን ቤንዚን ካንሰር የሚያስከትል፣ በእንግሊዝኛ benzene የሚባል ንጥረ ነገር የያዘ መሆኑና ተኑ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከአንዲት ክብሪት ወይም ከቡና ምድጃ እሳት ሊይዝ መቻሉ ነው። ናፍጣ ደግሞ በተቃራኒው ቶሎ አይተንም፤ ቅባቱ በቀለሙ ውስጥ ስለሚቀር ድርቀቱን ያጓትተዋል። በአምራቹ የተጻፈውን አኳራጅ፣ ከአሥር እጅ አንድ ሳይበልጥ ይጠቀም። ብዙውን ጊዜ ማቅጠን እንኳ አያስፈልግም፤ ጣሳውን ከሥር ጀምሮ በደንብ ማማሰል ይበቃል፤ ድምቀቱን የሚቀንሰው ዱቄት ከታች ስለሚረጋ ያልተማሰለ ሳቲን መጀመሪያ ላይ ግሎስ፣ መጨረሻ ላይ ማት ሆኖ ይወጣል።

ለአቀባቡም ሥርዓት አለው። ባለ ፓኔል በር ሲሆን መጀመሪያ ፓኔሎቹ፣ ቀጥሎ አግዳሚዎቹ፣ በመጨረሻ ቋሚዎቹ ይቀባሉ፤ እያንዳንዱም በእንጨቱ ደም ሥር አቅጣጫ ይሁን። ልሙጥ በር ከሆነ በትንሽ ሩሎ አልብሶ ወዲያው በብሩሽ ጫፍ ብቻ፣ ሳይጫኑ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ጊዜ መሳብ ይበቃል። መድረቅ የጀመረውን ቦታ ተመልሶ መነካካት ግን ዱካውን ያጸናዋል፤ የታየ ጉድለት ቢኖር ሁለተኛው እጅ ይጠግነዋል። ለዘይት ቀለም የፀጉር ብሩሽ፣ ለውሃ ወለዱ የናይሎን ብሩሽ ይሻላል፤ ፀጉሩ ውሃ ሲጠጣ ይልፈሰፈሳልና።

ቀቢው ሲጨርስ የዘይት ቀለም የተጠረገባቸውን ጨርቆች ጠቅልሎ በአንድ ፌስታል ከቶ ጥግ ላይ እንዳይተዋቸው ይንገሩት። ዘይቱ እየደረቀ ሙቀት ያወጣል፤ በተጠቀለለ ጨርቅ ውስጥ ሙቀቱ መውጫ ሲያጣ ማንም እሳት ሳይነካው በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ጨርቆቹን ደጅ ላይ አንድ በአንድ ዘርግቶ ማድረቅ፣ ወይም ውሃ በተሞላ ባልዲ ውስጥ ነክሮ ማሳደር ነው።